«አንድ ኮንቲኔንታል አያወጣም»፦ የአሜሪካ መንግሥት ከወደቀ ገንዘብ ላይ እንዴት ተሠራ

አሜሪካውያን አንድን ነገር ፈጽሞ ዋጋ ቢስ ነው ለማለት ሲፈልጉ «አንድ ኮንቲኔንታል አያወጣም» የሚሉት የቆየ አነጋገር አላቸው። እኛ «ሰባራ ሳንቲም አያወጣም» በምንልበት ቦታ የሚገባ ነው። ዛሬ ከዕለት ንግግር እየራቀ ቢሄድም በመዝገበ ቃላትና በታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ቦታውን አለቀቀም። ኮንቲኔንታል አዲሲቱ አገር ነጻነቷን ለማግኘት ስትዋጋ ያሳተመችው፣ ለወታደሩም ለገበሬውም የከፈለችበት የወረቀት ገንዘብ ነው። ሕዝብ የገዛ አገሩን ገንዘብ የከንቱነት መለኪያ እስኪያደርገው ድረስ ምን ደረሰበት? ይህን ጥያቄ የተከታተለ ሰው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ለምን እንደዚያ ሆኖ እንደተጻፈ አብሮ ያገኘዋል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስሙ የመጣው ከአሳታሚው ነው። የ13ቱ የብሪታንያ ቅኝ ግዛቶች መልእክተኞች በፊላደልፊያ የሚሰበሰቡበት ጉባኤ ኮንቲኔንታል ኮንግረስ ይባል ነበር። በኤፕሪል 1775 ጦርነቱ ሲፈነዳ ጉባኤው ጦር አቋቋመ፣ ጆርጅ ዋሽንግተንንም አዛዥ አድርጎ ሾመ። ካዝና ግን አልነበረውም፤ ግብር የመጣል ሥልጣንም የለውም። ሕዝቡ የተነሣው ወኪል በሌለንበት ምክር ቤት የተጣለብንን ግብር አንከፍልም ብሎ ስለነበር፣ በዚያው ሕዝብ ላይ አዲስ ግብር ሰብሳቢ ለማሰማራት የሚደፍር አልተገኘም። የቀረው መንገድ ማተም ነበር። ጁን 22 ቀን 1775 ጉባኤው የ2 ሚሊዮን ዶላር ወረቀት እንዲታተም ወሰነ።

የማርያ ቴሬዛ ብር በእኛ አገር ገበያ እንደኖረው ሁሉ፣ በዚያን ጊዜ በቅኝ ግዛቶቹ ገበያ ሰው የሚያምነው የብር ገንዘብ ከሌላ አገር የመጣ፣ የስፔን ዶላር የሚባለው ነበር። ስለዚህ እያንዳንዱ ኮንቲኔንታል ወረቀት ያዡ ይህን ያህል የስፔን ዶላር ወይም ተመጣጣኙን በወርቅና በብር ይቀበል ዘንድ መብት እንዳለው ይናገራል። ብሩ ግን በጉባኤው እጅ አልነበረም። ወረቀቱ የቆመው በተስፋ ላይ ነው፤ ቅኝ ግዛቶቹ፣ በኋላ ክፍለ ግዛቶች የተባሉት፣ ወደፊት ግብር ሰብስበው ወረቀቱን ከገበያ ያነሡታል የሚል ተስፋ።

በወረቀቶቹ ላይ ያለውን ሥዕል ያየ ሰው የአሳታሚዎቹን ልብ ይረዳል። በ1776 ከወጡት አነስተኛ ወረቀቶች በአንደኛው ጀርባ 13 ቀለበቶች እርስ በርስ ተያይዘው ይታያሉ፤ በየቀለበቱ የየክፍለ ግዛቱ ስም፣ በመካከሉ ደግሞ «አንድ ነን» የሚል ጽሑፍ አለ። ሥዕሉ የጉባኤው አባልና አታሚ የነበረው የቤንጃሚን ፍራንክሊን ሐሳብ ነው። በሌሎቹ ጀርባ አስመሳይ እንዳይቀዳው በማለት የእውነተኛ ቅጠል አሻራ ታትሟል፤ ይህም ከፍራንክሊን የማተሚያ ቤት ብልሃቶች አንዱ ነበር። ብሪታንያ ግን ቅጠሉ አላገዳትም። ኒው ዮርክን ከያዘች በኋላ ሐሰተኛ ኮንቲኔንታል በብዛት ወደ ገበያ አስገባች።

ከሐሰተኛው ይልቅ የጎዳው እውነተኛው ነው። ጦርነቱ በረዘመ ቁጥር ጉባኤው ያትማል፣ ክፍለ ግዛቶቹም የየራሳቸውን ያትማሉ፣ ግብር የሚሰበስብ ግን የለም። እስከ 1779 መጨረሻ ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ ኮንቲኔንታል ወጥቷል። በዚያው ዓመት በኤፕሪል ወር ዋሽንግተን ለጉባኤው ፕሬዚዳንት ለጆን ጄይ ሲጽፍ፣ አንድ ሠረገላ ሙሉ ገንዘብ አንድ ሠረገላ ስንቅ ለመግዛት እንደማይበቃ አመለከተ። በማርች 1780 ጉባኤው ራሱ 40 የወረቀት ዶላር በ1 የብር ዶላር እንዲቆጠር ወሰነ። በ1781 ወረቀቱ ከገበያ ጠፋ። አነጋገሩን የወለደው ይህ ውድቀት ነው።

በዚህ ውድቀት ውስጥ ያለውን ስሌት ከሁሉ ቀድሞ በግልጽ ያስቀመጠው ፍራንክሊን ይመስለኛል። በ1779 ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ ኮንቲኔንታልን «አስደናቂ መሣሪያ» ብሎታል፦ ሲወጣ ወታደር ይከፍላል፣ ያለብሳል፣ ስንቅና ጥይት ይገዛል፤ ከመጠን በላይ ሲበዛ ደግሞ በዋጋ መውደቅ ዕዳውን ራሱ ይከፍላል። ስሌቱ ትክክል ነው። ነገር ግን ያ ዕዳ የተከፈለው ከማን ኪስ እንደሆነ መጠየቅ አለበት። ወረቀቱን ትናንት ተቀብሎ ዛሬ ሊያወጣው የቻለ ነጋዴ ብዙም አልተጎዳም። ደመወዙን ይዞ በሰፈር የከረመ ወታደር፣ እህሉን ለጦሩ ሸጦ ወረቀቱን በሳጥን ያስቀመጠ ገበሬ፣ ከባሏ የተበደሩት ሰዎች በወደቀ ወረቀት የመለሱላት መበለት ናቸው ዕዳውን የከፈሉት። ጦርነቱን በገንዘብ የደገፉት ያመኑት ሰዎች ሆነው ሳለ ያመኑበት ነገር መቀለጃ ሆነ።

የወታደሮቹ ትዕግሥት ሲያልቅ ነገሩ አደባባይ ወጣ። በጃንዋሪ 1781 የፔንሲልቬንያ ወታደሮች ስለ ደመወዛቸውና ስለ አገልግሎት ዘመናቸው አመፁ። በጁን 1783 ደግሞ ያልተከፈላቸው ወታደሮች ጉባኤው የሚሰበሰብበትን የፊላደልፊያ ሕንጻ ከበቡት፤ ጉባኤተኞቹም ከተማውን ለቀው ወደ ፕሪንስተን ሄዱ። ብሪታንያን ያሸነፈ አገር መንግሥት በገዛ ወታደሮቹ ፊት መቆም አልቻለም፤ ለእነርሱ የሚከፍለው አልነበረውምና።

በማርች 1781 በሥራ ላይ የዋለው የመጀመሪያው የኅብረት ውል ይህን ችግር የሚፈታ አልነበረም። በውሉ መሠረት ጉባኤው ገንዘብ ሲያስፈልገው ክፍለ ግዛቶቹን ይጠይቃል፤ እነርሱ ቢያሻቸው ይሰጣሉ፣ ባያሻቸው ይተዋሉ። ውሉን ለማሻሻል የ13ቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ 5 በመቶ ቀረጥ እንዲጣል ሐሳብ ሲቀርብ ከሁሉ የምታንሰው ሮድ አይላንድ ብቻዋን እምቢ አለችና ሐሳቡ ወደቀ። እንደገና ሲሞከር ኒው ዮርክ አስቀረችው። በ1786 በምዕራብ ማሳቹሴትስ ግብርና ዕዳ ያስጨነቃቸው ገበሬዎች ፍርድ ቤቶችን ዘጉ፤ ከመሪዎቻቸው አንዱ ዳንኤል ሼይስ ራሱ በነጻነቱ ጦርነት ሻምበል የነበረ ነው።

በ1787 በፊላደልፊያ ሕገ መንግሥት ለመጻፍ የተሰበሰቡት ሰዎች ይህን ሁሉ ይዘው ነው የገቡት። ኦገስት 16 ቀን ያደረጉት ክርክር ለእኔ የዚያ ጉባኤ ትልቅ ሰዓት ነው። ረቂቁ ለአዲሱ ምክር ቤት ገንዘብ የመበደርና «ወረቀት የማውጣት» ሥልጣን ይሰጥ ነበር። የዴላዌሩ ጆርጅ ሪድ እነዚያ ቃላት ካልወጡ እንደ ዮሐንስ ራእይ የአውሬው ምልክት ያስፈራሉ አለ። የኒው ሃምፕሻየሩ ጆን ላንግደን ቃላቱ ከሚቀሩ ዕቅዱ በሙሉ ቢወድቅ እመርጣለሁ ሲል ተናገረ። በእነዚህ ሰዎች ጆሮ «ወረቀት» የሚለው ቃል ምን ያህል እንደከፋ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

የቨርጂኒያው ጆርጅ ሜሰን ግን ሌላ ነገር አስታወሳቸው። የወረቀት ገንዘብን አጥብቆ እንደሚጠላ ገልጾ፣ ሆኖም የምክር ቤቱን እጅ ማሰር አልፈልግም፣ እንዲህ ያለ ክልከላ ቢኖር ኖሮ ያለፈውን ጦርነት ማካሄድ ባልተቻለም ነበር አለ። እውነቱን ነው። መሳለቂያ የሆነው ወረቀት የነጻነቱን ጦርነት የመጀመሪያ ዓመታት የተሸከመ ወረቀት ነው። አነጋገሩ ይህን ውለታ ፈጽሞ ረስቶታል፤ የረሳው ደግሞ ከወረቀቱ ጋር ያመኑትን ሰዎች ጭምር ነው።

ድምፅ ሲሰጥ ቃላቱ በ9 ለ2 ተሠረዙ። በተጠናቀቀው ሕገ መንግሥት ክፍለ ግዛቶች የወረቀት ገንዘብ እንዳያወጡ፣ ከወርቅና ከብር በቀር ሌላ ነገር የዕዳ መክፈያ እንዳያደርጉ ተከለከሉ። አዲሱ ምክር ቤት ግብርና ቀረጥ የመጣል ሥልጣን አገኘ። ሕገ መንግሥቱ ከመጽደቁ በፊት የተገባ ዕዳም በአዲሱ መንግሥት ላይ እንደጸና ይቆያል ተብሎ ተጻፈ።

መጻፍ አንድ ነገር ነው፣ መክፈል ሌላ። ዋሽንግተን በኤፕሪል 1789 በኒው ዮርክ ቃለ መሐላ ሲፈጽም አዲሱ መንግሥት ገና ገቢ አልነበረውም። ጁላይ 4 ቀን የመጀመሪያው የቀረጥ ሕግ ወጣ፤ በሴፕቴምበር የገንዘብ ሚኒስቴር ተቋቁሞ አሌክሳንደር ሃሚልተን ተሾመ። በጃንዋሪ 1790 ለምክር ቤቱ ያቀረበው ሪፖርት የክፍለ ግዛቶቹን ጨምሮ ዕዳውን ወደ 79 ሚሊዮን ዶላር ያደርሰዋል። የሃሚልተን ሐሳብ መንግሥት ዕዳውን ሁሉ፣ የክፍለ ግዛቶቹን የጦርነት ዕዳ ጭምር፣ በራሱ ስም ይውሰድ የሚል ነበር። ዕዳቸውን አብዛኛውን ከፍለው የነበሩት ደቡባውያን ተቃወሙ። በመጨረሻ ሃሚልተንና የደቡቧ ቨርጂኒያ ሰዎች ቶማስ ጄፈርሰንና ጄምስ ማዲሰን በማዕድ ላይ ተነጋግረው ተስማሙ፦ የዕዳው ሕግ ይለፍ፣ ዋና ከተማው ደግሞ ወደ ደቡብ፣ በፖቶማክ ወንዝ ዳር ይሁን። ዛሬ ብዙ አማርኛ ተናጋሪ የሚኖርበት የዋሽንግተን ከተማ በዚያ ቦታ የተቆረቆረው በዚህ የዕዳ ስምምነት ነው።

ኦገስት 4 ቀን 1790 በወጣው ሕግ የኮንቲኔንታል ወረቀት ዕጣ ተወሰነ፤ 100 ዶላሩ በ1 ዶላር። ሌሎቹ የዕዳ ሰነዶች ግን በሙሉ ዋጋቸው እንዲታወቁ ተደረገ፤ ቁስሉም እዚህ ላይ ነው። ብዙ ወታደሮች ከጦርነቱ በኋላ በደመወዝ ፋንታ የተሰጣቸውን ሰነድ በችግር ምክንያት እጅግ በወረደ ዋጋ ለገዢዎች ሸጠው ነበር። ማዲሰን ትርፉ ለእነዚያ ለመጀመሪያዎቹ ባለሰነዶች ይካፈል ብሎ ተከራከረ፤ በ36 ለ13 ድምፅ ተሸነፈ። ሃሚልተን ሰነድ ሲሸጥ መብቱም አብሮ ካልተሻገረ ማንም የመንግሥትን ሰነድ አይገዛም ብሎ ነበር፤ ለመንግሥቱ ክብር ያሰበው ልክ እንደነበር በአጭር ጊዜ ታየ፣ በውጭ አገር የአሜሪካ ሰነድ ተፈላጊ ሆነ። ያም ሆኖ የማዲሰን አቤቱታ በእኔ ግምት መልስ አላገኘም። በባዶ እግሩ በበረዶ የዘመተው ሰው ሰነዱን የሸጠው ርቦት እንጂ መንግሥቱን ንቆ አልነበረም።

ለእነዚያ ወታደሮች ምክር ቤቱ የጡረታ ሕግ ያወጣው በ1818 ነው፦ ለተራ ወታደር በወር 8 ዶላር፣ ለመኮንን 20 ዶላር፣ ያውም ድሃ መሆኑን ላረጋገጠ ብቻ። አመልካቹ ስለበዛ በ1820 ሕጉ ጥብቅ ተደረገና ሽማግሌዎቹ ያላቸውን ንብረት ሁሉ ዘርዝረው በፍርድ ቤት ፊት በመሐላ እንዲያቀርቡ ታዘዙ።