የዓሣ ጥግግት ምንድን ነው? ጫጩት ስለበዛ ምርት አይበዛም

አንድ አስተያየት ሰጪ አነስተኛ የዓሣ አርቢዎች እንዴት ይደገፉ በሚለው ጉዳይ ላይ እንዲህ አለ፦ «ለእያንዳንዱ ኩሬ የሚሰጠውን የዓሣ ጫጩት እጥፍ ማድረግ ነው። ጥግግቱ ሲጨምር ምርቱም ይጨምራል።» ብዙ ሰው ተስማማለት። እኔን ግን ይህ አባባል በሰማሁት ቁጥር ያበሳጨኛል። ኪሳራው የሚወድቀው አርቢው ላይ ነውና።

ጥግግት በአንድ ካሬ ሜትር ኩሬ ውስጥ የሚገባው የዓሣ ቁጥር ነው። ትርጉሙ ይኸው ነው። ጣጣው የሚመጣው ሰው ይህን ቁጥር የምርት መለኪያ ሲያደርገው ነው።

ኩሬ የሚሸከመው ክብደት ነው። ቁጥሩ የሚወስነው ያ ክብደት ለስንት እንደሚካፈል ነው። 100 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው፣ ፍግ ብቻ የሚጨመርበት ኩሬ 20 ኪሎ ዓሣ ይሸከማል እንበል። የሚሞተውን ለጊዜው እንተወው። 100 ጫጩት ብናስገባ እያንዳንዱ 200 ግራም ሊደርስ ይችላል። 200 ብናስገባ 100 ግራም። 500 ብናስገባ 40 ግራም። ኪሎው ያው 20 ነው። 40 ግራም ዓሣ ራሱና አጥንቱ ሲወጣለት ምን ይተርፈዋል? አርቢው የ500 ጫጩት ዋጋ ከፍሎ፣ ወራት ለፍቶ፣ ገበያ የሚያወጣው ዓሣ አጣ ማለት ነው።

ኪሎው ለምን 20 ላይ ይቆማል? መጀመሪያ ምግቡ ያልቃል። ፍግ የሚያሳድገው ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርጉትን ደቃቅ ዕፅዋት ነው፤ ቆሮሶ፣ ማለትም ቲላፒያ፣ እነሱን ይመገባል። የእነሱም መጠን ልክ አለው። መኖ ከተጨመረ ኩሬው ከ20 ኪሎ በላይ ይሸከማል። ያኔ ደግሞ ሌላ ጣሪያ ይገጥመናል፦ ኦክስጅን።

ኩሬውን ሌሊት በርና መስኮቱ ተዘግቶ ብዙ ሰው የተኛበት ክፍል አድርጋችሁ አስቡት። የተኛው ሰው ሲበዛ አየሩ ቶሎ ይታፈናል። ኩሬው ውስጥ ግን የሚተነፍሰው ዓሣው ብቻ አይደለም። ቀን ኦክስጅን ሲያመርቱ የዋሉት ደቃቅ ዕፅዋት ፀሐይ ስትጠልቅ ማምረታቸውን ያቆማሉ፤ መተንፈሳቸውን ግን አያቆሙም። ወለሉም ይተነፍሳል። የተረፈውን መኖና የዓሣውን ኩስ የሚያበሰብሱት ባክቴሪያዎች የራሳቸውን ድርሻ ይወስዳሉ። መስኮቱ ነፋስ ነው፤ ውሃውን ሲያናውጠው አየር ያስገባለታል። ነፋስ የሌለበት ሌሊት መስኮቱም ተዘጋ ማለት ነው።

ስለዚህ ክፉው ሰዓት ሊነጋ ሲል ነው። ከሰዓት በኋላ ኩሬ ዳር ቆሞ «ውሃው ደህና ነው» የሚል ሰው ክፍሉን ያየው በሩ ተከፍቶ ነው። ጎሕ ሲቀድ ሂዱና እዩት። ዓሦቹ ውሃው ገጽ ላይ ተሰብስበው አፋቸውን እየከፈቱ አየር ሲስቡ ካገኛችኋቸው ኩሬው ከአቅሙ በላይ ተሸክሟል። ቀኑን ሙሉ ደመና ከዋለ ደግሞ ይብሳል፤ ዕፅዋቱ በቂ ኦክስጅን ሳያመርቱ ነው የሚመሽባቸው። ውሃ ሲሞቅም ሆነ ቦታው ከፍታ ሲኖረው የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል። ስለዚህ ቆላ ላይ የሠራ ቁጥር ደጋ ላይ ተወስዶ እንዳለ አይለጠፍም።

«ቆሮሶ ጠንካራ ዓሣ ነው፣ ይችለዋል» የሚል አይጠፋም። አዎ፣ ይችለዋል። ግን ችሎ መኖርና ማደግ ይለያያሉ። ኦክስጅኑ በሊትር ከ3 ሚሊ ግራም በታች ሲወርድ የምግብ ፍላጎቱ ይቀንሳል። የተጣለው መኖ ወለሉ ላይ ይበሰብስና ቀሪውን ኦክስጅን ይጨርሳል። መኖ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከማርቢያው ወጪ ከግማሽ በላይ ነው። አምባዛን፣ ማለትም ካትፊሽን፣ እዚህ ስሌት ውስጥ አታስገቡት፤ እሱ ከአየር መተንፈስ ስለሚችል ሕጉ ሌላ ነው።

ያ አስተያየት ሰጪ «በኬጅ በአንድ ሜትር ኩብ 100 ዓሣ ይረባ የለም ወይ?» ብሎም ነበር። ይረባል። ኬጅ ግን ሐይቅ ላይ የተዘረጋ የመረብ ቤት ነው። ውሃው በመረቡ ያልፋል፤ ቆሻሻውን ይዞ ይወጣል፣ ኦክስጅን ይዞ ይገባል። ዓሣውም የሚኖረው ሙሉ በሙሉ በመኖ ነው። ውሃ የማይለወጥበትን፣ ፍግ የሚቀለበውን ኩሬ ከዚህ ጋር ማወዳደር ሰው ያሳስታል። ኬጅም ቢሆን እርስ በርስ ከተጨናነቀ ወይም ውሃው ከረጋ ዓሣው በጅምላ ይሞታል።

ሌላም አለ። አርቢው ልኩን ቢያስገባም ቁጥሩ ባለበት አይቆይም። ቆሮሶ ኩሬ ውስጥ ገና በጥቂት ወሩ፣ 50 ግራም እንኳ ሳይሞላ መራባት ሊጀምር ይችላል። እናቲቱ እንቁላሉን አፏ ውስጥ ይዛ ስለምትታቀፍ ያን ጊዜ አትበላም፤ እድገቷ ይቆማል። ልጆቹ ደግሞ ከወላጆቻቸው ጋር ምግብና ኦክስጅን ይሻማሉ። ወንድ ብቻ የሆነ ጫጩት የሚፈለገው ለዚህ ነው። ያ ካልተገኘ ጥቂት አምባዛ አብሮ ማስገባት ይቻላል፤ ትንንሾቹን ይበላቸዋል። ሲገባ ግን አምባዛው ከቆሮሶው ማነስ አለበት፤ አለበለዚያ የተገዛውን ጫጩት ራሱን ይጨርሰዋል።

አርቢን መደገፍ የሚፈልግ ሰው «ይህን ያህል ሺህ ጫጩት አከፋፈልን» የሚለውን ሪፖርት ትቶ ስንት ኪሎ ወጣ፣ አንዱ ዓሣ በአማካይ ስንት ግራም መዘነ ብሎ ይጠይቅ። ለእኔ አንድ ሚዛንና አንድ መረብ ከተጨማሪ 500 ጫጩት ይበልጥብኛል። ፍግ መጨመር ማቆሚያውን ለማወቅ ክንድን እስከ ክርን ውሃው ውስጥ መክተት ይበቃል። ክርን ሳይደርስ መዳፍ ከዓይን ከጠፋ ፍጉ በዝቷል። ውሃውን ያደፈረሰው አፈር ከሆነ ግን ይህ መለኪያ አይሠራም። በየወሩ ደግሞ 20 ወይም 30 ዓሣ በመረብ አውጥቶ መመዘንና ለቁጥሩ ማካፈል ነው። ባለፈው ወር አማካዩ 80 ግራም ከነበረና ዛሬም እዚያው ከሆነ ኩሬው ሞልቷል። ያኔ መኖ ከመጨመር ትልልቆቹን አውጥቶ መሸጥ ይሻላል፤ የቀሩት ቦታ ሲያገኙ እንደገና ማደግ ይጀምራሉ።