ኢፖን ምንድን ነው?

«ኢፖን ማለት የጁዶ ዝረራ ነው» የሚለውን ትንታኔ በየውድድሩ ስርጭት ስሰማ ለዓመታት ዝም ብያለሁ። ሰሞኑን ግን እዚህ ደሴ ከማሠለጥናቸው ልጆች አንዱ ይህንኑ አምኖ ጓደኛውን አንሥቶ ወርውሮ፣ መሬት ሳይደርስ ሲለቀው ስላየሁ፣ ስሕተቱ ከቃል አልፎ ሰው የሚጎዳ መሆኑን መጻፍ ግድ ሆኖብኛል።

ዝረራ የቦክስ ቃል ሲሆን የሚመዝነውም የተሸናፊውን ሁኔታ ነው፤ ዳኛው እስከ አሥር ቆጥሮ ካልተነሣ ግጥሚያው ያበቃል። ኢፖን፣ ማለትም በጁዶ ግጥሚያውን ወዲያው የሚያበቃው ሙሉ ነጥብ፣ የሚመዝነው ግን የጣዩን ሥራ ነው። የተጣለው ወዲያው ተነሥቶ፣ ቀበቶውን አስተካክሎና እጅ ነሥቶ ቢወጣም ኢፖኑ ኢፖን ነው። ዳኛው ክንዱን ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ ሲያነሣ፣ ተጋጣሚው በኃይልና በፍጥነት፣ በጀርባው፣ እስኪያርፍም ድረስ በጣዩ ቁጥጥር ሥር ሆኖ ወርዷል ማለቱ ነው።

ከእነዚህ መመዘኛዎች ተንታኞቹ የሚዘነጉት ቁጥጥሩን ነው። ከደሴ እህል ጭኖ የኮምቦልቻን ጠመዝማዛ ቁልቁለት የሚወርድ ሾፌር እናስብ። ጭነቱ ኃይሉ ነው፤ ቁልቁለቱ ፍጥነት ይሰጠዋል፤ መሪና ፍሬኑ ደግሞ ቁጥጥሩ ናቸው። ፍሬን የበጠሰ መኪናም ቁልቁል መውረዱ አይቀርም፤ እህሉን አደረሰ የሚለው ግን የለም። ጥቂት ጆንያ መንገድ ላይ አራግፎ የደረሰው ሾፌር ዋዛአሪ፣ ማለትም ከኢፖን ያነሰ ነጥብ፣ እንዳገኘ ተጫዋች ነው። በጁዶ ሁለት ዋዛአሪ ተደምሮ ኢፖን ስለሚሆን፣ በጭነት ሥራ ግን ሁለት ጎዶሎ ጉዞ አንድ ሙሉ ስለማይሆን፣ ምሳሌው ከዚህ አያልፍም።

ተንታኙ «ውጤቱ ያው ግጥሚያውን መጨረስ አይደለምን?» ይለኝ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1964 በቶኪዮ ኦሎምፒክ፣ በክብደት ባልተገደበው ምድብ ፍጻሜ፣ ሆላንዳዊው አንቶን ጌሲንክ ጃፓናዊውን አኪዮ ካሚናጋን ያሸነፈው ምንጣፉ ላይ አጥብቆ ይዞ በማቆየት ነበር። እንዲህ ያለ መያዣም ኢፖን ያሰጣል፤ በዘመኑ ደንብ 30 ሰከንድ ይፈጅ ነበር፤ ዛሬ 20 ነው። ካሚናጋ አልተመታም፣ ራሱንም አልሳተም። ጌሲንክም በደስታ ወደ ምንጣፉ ሊሮጡ የቃጡትን የአገሩን ሰዎች በእጁ ምልክት አግዷል። ይህ በየትኛው ትርጉም ዝረራ ይባላል?

የተጫዋቾችን ዕድሜም ተመልከቱ። ፈረንሳዊው ቴዲ ሪኔር እ.ኤ.አ. በ2007 በ18 ዓመቱ የዓለም ሻምፒዮን ሆኖ፣ በ2024 በፓሪስ የኦሎምፒክ ፍጻሜውን በኢፖን አሸንፏል። ጁዶ ተጫዋች በልምምድ በየቀኑ ደጋግሞ ይጣላል፤ እያንዳንዱ ውርወራ ዝረራ ቢሆን ኖሮ እንኳን 17 ዓመት አንድ ወርም ባልዘለቀ ነበር።

ሳልጠየቅ ሁለት ነገር ልጨምር። ተጣዩ ጀርባው እንዳይነካ ብሎ በአናቱና በእግሩ ድልድይ ሠርቶ ቢያርፍ፣ አንገቱን ለመጠበቅ ሲባል ኢፖን ይቆጠርበታል። አወዳደቅ ያልተማረ ልጅ ደግሞ፣ ይልቁንም በሲሚንቶ ወለል ላይ፣ ፈጽሞ አይወርወር።

ያንን ልጅ አሁን ሳሠለጥነው ውርወራው ምን ያህል እንደሚያስተጋባ አልሰማም። የማየው ጓደኛው መሬት ሲደርስ እጁ የጓደኛውን እጅጌ እንደያዘ መሆን አለመሆኑን ነው።