ኮተቤ፣ ሾላ፣ ሆለታ፦ ዘመናዊ ታሪክ ከከተማው ዳር ሲታይ

የአዲስ አበባ ዳርቻ የት ላይ እንደሚጀምር የሚስማሙ ሁለት ሰዎች ማግኘት ያስቸግራል። ከመገናኛ በላምበረት በኩል ሽቅብ የሚጓዘው ታክሲ ረዳት «ኮተቤ! ካራ!» እያለ ሲጣራ ለሚሰማ የዛሬ ተሳፋሪ ዳር ማለት ካራን አልፎ ያለው ለገጣፎ ነው። ከ80 ዓመት በፊት ግን ኮተቤ ራሱ ገጠር ነበር። የታሪክ፣ የፖለቲካና የትምህርት አጥኚዎች ስለ 20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኢትዮጵያ ሲጽፉ አብዛኛውን ጊዜ ዓይናቸው የሚያርፈው በቤተ መንግሥቱና በስድስት ኪሎ ላይ ነው። የዚህ ዳሰሳ መነሻ ግን መንግሥት ከዓይኑ ሊያርቀው ወይም ከከተማው ግርግር ለይቶ ሊያሳድገው የፈለገውን ነገር ደጋግሞ ከከተማ አውጥቶ ማስቀመጡ ነው፤ የዘመናዊው ታሪክ ጥቂት የማይባል ክፍል የተፈጠረውም እዚያው ነው።

ዘመናዊ ታሪክ ከመቼ ይጀምራል የሚለው ክርክር ራሱ ከዳር ሲታይ መልኩ ይለወጣል። በመማሪያ መጻሕፍት የተለመደው መነሻ ዐፄ ቴዎድሮስ የነገሡበት 1847 ዓ.ም. ነው። ለእንጦጦ ሥር አርሶ አደር ግን ለውጡ የመጣው የምኒልክ ሠራዊት ተራራው ላይ ከሰፈረ በኋላ፣ በ1879 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ስትቆረቆር ነው። ጉለሌ፣ የካ፣ ገላን የሚባሉት ስሞች ዛሬ የክፍለ ከተማና የሰፈር መጠሪያ ቢሆኑም ከከተማው በፊት በቦታው የኖሩትን የኦሮሞ ጎሳዎች ያስታውሳሉ። ከማዕከል የሚነሱ ጸሐፍት ይህን ጊዜ የአገር ግንባታ ምዕራፍ አድርገው ያነቡታል፤ ከነባሩ ነዋሪ የሚነሱት ደግሞ መሬት የተነጠቀበት ዘመን ይሉታል። ሁለቱም ሰነድ አላቸው። የሚለያዩት በመረጃ ሳይሆን ትረካውን ከየት በመጀመራቸው ነው።

ወደ ኮተቤ እንመለስ። ጣሊያን በወረራው ዘመን፣ ይልቁንም ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ፣ የተማረውን ወጣት ለይቶ ስለፈጀው ከነጻነት በኋላ የተቋቋመው መንግሥት ቢሮ ነበረው እንጂ ጸሐፊ አልነበረውም። በ1935 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኮተቤ ላይ የተከፈተው ይህን ጉድለት በፍጥነት ለመሙላት ነበር። አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። ልጆቹ ከየጠቅላይ ግዛቱ መጥተው አብረው ይማራሉ፣ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ያድራሉ። ጥቂት ዘግየት ብሎ በሌላኛው የከተማው ጠርዝ በእንግሊዞች ድጋፍ የተከፈተው የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤትም አዳሪ ነበር። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ትምህርት ሲጀምር ከሁሉ በላይ ተማሪ ያገኘው ከእነዚህ ሁለቱ ነው።

የትምህርት ታሪክ አጥኚዎች እዚህ ላይ ሁለት ነገር ያነሳሉ። የመጀመሪያው የትምህርቱ ባዕድነት ነው፤ መምህሩ እንግሊዛዊ ወይም ካናዳዊ፣ ኋላ ላይ ሕንዳዊና ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ የአሜሪካ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኛ፣ ቋንቋውም እንግሊዝኛ ነበር። ይህ በብዙ ተብሏል፤ አልደግመውም። ይበልጥ የሚያስገርመኝ ሁለተኛው ነው። የጎጃም ገበሬ ልጅና የሐረር ነጋዴ ልጅ ጎን ለጎን በተዘረጉ አልጋዎች ሲያድሩ መንግሥት ያሰበው ታማኝ ሹም እንዲወጣቸው ነበር፤ ልጆቹ ግን በትርፉ እርስ በርስ ተዋወቁ። የየአገሩን የጭሰኛ ኑሮ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአልጋ ጎረቤት መስማት ጀመሩ። በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብሎ አደባባይ የወጣውን ትውልድ ያበሰለው የውጭ አገር መጽሐፍ ብቻ አይመስለኝም፤ የአዳሪ ቤት ወግም ነው።

በዓመቱ ደግሞ ሾላ መጣ። ሾላ ያኔ የከተማው ዳርቻ ነበር። በ1958 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ጎዳናዎች የታፈሱ ለማኞች እዚያ በካምፕ ታጎሩ፤ ነገሩ ከተማዋን ለእንግዳ ዓይን ማስዋብ መሆኑ ነው። ተማሪዎች ሄደው አዩ፤ ያዩትን ተናገሩ፤ ቀጥሎም «ድህነት ወንጀል ነው ወይ?» እያሉ ሰልፍ ወጡ። ስለ ተማሪዎች ንቅናቄ ሲጻፍ ይህ ሰልፍ ከመሬት ላራሹ ቀጥሎ በአንድ አንቀጽ ይታለፋል። ይበዛበታል ብዬ አላምንም፤ ያንሰዋል እንጂ። የርዕዮተ ዓለም ጥራዝ ከመገለጡ በፊት የተነሳ፣ በዓይን ከታየ ነገር የመጣ ጥያቄ ነበርና።

ከከተማው በስተ ምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ያለው ሆለታ ሌላ ታሪክ አለው። የገነት ጦር ትምህርት ቤት በ1927 ዓ.ም. ሲከፈት አሠልጣኞቹ በሻምበል ቪኪንግ ታም የሚመሩ የስዊድን መኮንኖች ነበሩ። ዕጩ መኮንኖቹ ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ ጦርነቱ ደረሰባቸው። ከተማው ሲያዝ ወደ ወለጋ ተሻግረው ነቀምት አካባቢ ጥቁር አንበሳ የተባለውን የአርበኞች ጦር ካቋቋሙት ጋር ገቡ። በሰኔ 1928 ዓ.ም. ቦነያ ላይ ያረፉትን የጣሊያን አውሮፕላኖች አቃጥለው ጄኔራል ማሊዮኮን ከነባልደረቦቹ የገደሉት የዚሁ ቡድን ሰዎች ናቸው። በንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ በራስ እምሩ መሪነት እስከ ጎጀብ ወንዝ ከታገሉ በኋላ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. እጅ ለመስጠት ተገደዱ፤ ብዙዎቹም ከየካቲቱ ፍጅት አልተረፉም።

ይኸው ሆለታ ከነጻነት በኋላ መኮንኖችን ማውጣቱን ቀጠለ። በ1950 ዓ.ም. የሐረር ጦር አካዳሚ ሲቋቋም ግን ወታደሩ ለሁለት ተከፈለ። ሐረር ሁለተኛ ደረጃ የጨረሰ ወጣት መርጦ ረዘም ላለ ጊዜ የሚያስተምር፣ ሆለታ ደግሞ በአጭር ሥልጠና፣ ብዙ ጊዜም ከተራው ወታደር መካከል የሚያወጣ ሆነ። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም የሆለታ ምሩቅ ነበሩ። የፖለቲካ አጥኚዎች በ1966 ዓ.ም. የተነሳውን የደርግ ጠባይ ከዚህ የትምህርትና የመደብ ቅሬታ ጋር አያይዘው ያብራራሉ። ማብራሪያው ፍሬ አለው፤ ነገር ግን ከልክ በላይ የተመቸ ነው። የቦነያ ዘማቾችም የደርግ መኮንኖችም በአንድ በር የወጡ ናቸው፤ የትምህርት ቤቱ ስም ብቻውን ምንም አያስረዳም።

የመምህራን ማሠልጠኛው ወደ ኮተቤ የመጣው በ1960ዎቹ መግቢያ ነው። ጊዜው መምህርነት የከበረበትም የተከፋበትም ነበር። የትምህርት ሴክተር ጥናት የሚባለው የተሐድሶ ሰነድ ለብዙኃኑ የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት አስፋፍቶ ከዚያ በላይ ያለውን ማጥበብ ፈለገ። ዛሬ በእርጋታ ሲነበብ ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ወላጅ ግን «የድሃ ልጅ ከአራተኛ ክፍል እንዳያልፍ ነው» ብሎ ተረጎመው፤ መምህሩም ደመወዙን የሚነካ ሆኖ አገኘው። በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ ሲያቆሙ ከታክሲ ነጂዎች አድማ ጋር ተገጣጥሞ አብዮቱ ፈነዳ። ከዚያ በኋላ የመጣው የዕድገት በኅብረት ዘመቻ 60,000 ያህል ተማሪና መምህር ወደ ገጠር ሲያዘምት፣ በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ቀስ በቀስ 15 ቋንቋዎችን አካተተ። የኮተቤው ተቋም በመንግሥታት መለዋወጥ መካከል ስሙን እየቀያየረ ኖሮ በ2014 ዓ.ም. የኮተቤ ትምህርት ዩኒቨርሲቲ ተብሏል።

የመሬቱ ጉዳይ ግን አልተቋጨም። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በየካቲት፣ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በሐምሌ ሲወረስ የዳርቻው ነዋሪ በሁለት አዋጅ መካከል ወደቀ፤ የትኛው እንደሚመለከተው የሚወስነው ከተማው በዚያ ዓመት የት ድረስ እንደሚቆጠር ነበር። የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የተቀናጀ ማስተር ፕላን በ2006 ዓ.ም. ተቃውሞ ቀስቅሶ በ2008 ዓ.ም. ሲሰረዝም መሠረቱ ይኸው ጥያቄ ነው። አሁን ቡራዩን፣ ሰበታን፣ ሱሉልታንና ለገጣፎ ለገዳዲን ያካተተው የሸገር ከተማ አስተዳደር አዲስ አበባን ዙሪያዋን ከቧታል። አጥኚዎች ስለዚህ የሚጽፉት ገና እየሞቀ ያለ ነገር ነው፤ አንዱ የልማት፣ ሌላው የማንነት፣ ሦስተኛው የካሳ ጥያቄ ያደርገዋል። የአርሶ አደሩ ልጅ የደረሰበትን ከውስጥ ሆኖ የሚጽፈው ገና ጥቂት ነው።

ኮተቤ ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ከተደረደሩት የፎቶ ኮፒ ቤቶች በአንዱ ቆሜ ሠራተኛዋ የመመረቂያ ጽሑፍ ስትጠርዝ አይቻለሁ። ርዕሱ በአዲስ አበባ ዙሪያ ስለ አንድ ቀበሌ የትምህርት ታሪክ ነበር። ከመንገዱ ማዶ ከየካ ተራራ የባሕር ዛፍ ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ ሁለት ሴቶች ሸክማቸውን ግንብ ላይ አስደግፈው ያርፉ ነበር። ሠራተኛዋ ጥራዙን አገላብጣ ገጾቹን ከቆጠረች በኋላ ጀርባውን በሰማያዊ ፕላስተር ለጥፋ «ስንት ኮፒ ይሁን?» አለች።