የእንጨት ቶርኖ ምንድን ነው? ያገለገለ እንጨትስ ለምን ይፈለጋል?

ቶርኖ ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ ቀጥታ ወደ ብረት ነው የሚሄደው። የመኪና ዕቃ ሲበላ ወይም የቡሎን ጥርስ ሲያልቅ "ቶርኖ ቤት ውሰደው" ይባላል። ቃሉም እንደ ጎሚስታ፣ እንደ ፍሬን ከጣሊያንኛ መጥቶ እዚሁ የቀረ ነው። ማሽኑ ግን ከብረት በፊት የእንጨት መቅረጫ ነበር። ግብጽ ውስጥ ፔቶሲሪስ የተባለ ካህን መቃብር አለ፣ ከክርስቶስ ልደት 300 ዓመት ገደማ በፊት የተሠራ። ግድግዳው ላይ ከተቀረጹት ሰዎች አንዱ በገመድ ያዞራል፣ ሌላው በመሮ ይቀርጻል። ሞተር የለም፣ መብራት የለም። ሐሳቡ ግን ዛሬ ካለው ጋር አንድ ነው።

ሐሳቡ ምንድን ነው? በተለመደው የአናጢ ሥራ እንጨቱ ይቀመጣል፣ መሣሪያው ይሠራል። መጋዙ ይሄድ ይመጣል፣ መላጊያው ይገፋል። ቶርኖ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። የሚሽከረከረው እንጨቱ ነው። ሠራተኛው ረጅም እጀታ ያለው መሮ ይዞ፣ ፊት ለፊቱ ባለው የብረት ማረፊያ ላይ አስደግፎ፣ ቀስ ብሎ ይጠጋዋል። እንጨቱ ራሱ እየዞረ መጥቶ ይቆረጥለታል። ለዚህ ነው ከቶርኖ የሚወጣ ነገር ሁሉ ክብ የሚሆነው፤ የአልጋ እግር በሉት፣ የደረጃ መደገፊያ በሉት፣ ሳህን ወይም አንገቱ ቀጠን ያለ የአበባ ማስቀመጫ በሉት።

የእኛም ሙቀጫ ክብ ነው፣ የከበሮም ቀፎ ክብ ነው ልትሉ ትችላላችሁ። ልክ ናችሁ፣ ግን እነሱ በመጥረቢያና በመሮ ተፈልፍለው ነው ክብ የሆኑት። የፈልፋዩ ዓይን ነው ክቡን የሚያመጣው። ቶርኖ ላይ ክቡን ማሽኑ በነጻ ይሰጣል። ለሰውየው የሚቀረው የቅርጹ ጉዳይ ነው፦ ሆዱ የት ይስፋ፣ አንገቱ የት ይጥበብ፣ ግድግዳው ምን ያህል ይሳሳ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። እንጨት የሚቀርጽ ሰው ሁልጊዜ የሚታገለው ከውኃ ጋር ነው።

ገና የተቆረጠ ዛፍ በውኃ የተሞላ ነው። አንዳንዱ ላይማ የውኃው ክብደት ከደረቁ እንጨት ክብደት ይበልጣል። ይህ ውኃ ሁለት ቦታ ነው ያለው። አንዱ በእንጨቱ ጥቃቅን ቱቦዎች ውስጥ እንደልቡ የተቀመጠው ነው፤ እሱ ሲወጣ እንጨቱ ይቀላል እንጂ መልኩ አይለወጥም። ሌላው የቱቦዎቹ ግድግዳ ውስጥ የገባው ነው። የእንጨቱ እርጥበት ወደ 30 በመቶ ገደማ ወርዶ ይህኛው መውጣት ሲጀምር ጣጣው ይመጣል፣ እንጨቱ መኮማተር ይጀምራል። ደግሞ እኩል ቢኮማተር ምን ነበረበት! በቁመቱ የሚያጥረው ከቁጥር አይገባም። ከግንዱ መሃል ወደ ቅርፊቱ ባለው አቅጣጫ ጥቂት ይቀንሳል፤ የዕድሜ ቀለበቶቹን ተከትሎ ዙሪያውን ደግሞ የዚያን እጥፍ ያህል። ስለዚህ ዛሬ እንደ ሳንቲም ክብ አድርጋችሁ የጨረሳችሁት ሳህን ከአንድ ወር በኋላ እንቁላል ሆኖ ታገኙታላችሁ። የግንዱ መሃል ሳህኑ ውስጥ ከቀረ ደግሞ መሰንጠቁ አይቀርም ማለት ይቻላል። እርጥብ ባሕር ዛፍ የሞከረ ሰው ምን እንደምል ይገባዋል፤ ማታ ደህና ያደረ ዕቃ ጠዋት አፉን ከፍቶ ይጠብቃል።

ባለሙያዎች ይህን የሚያልፉበት የታወቀ ዘዴ አላቸው፣ ሁለት ጊዜ መቅረጽ። መጀመሪያ እርጥቡን እንጨት ወፍራም አድርገው ያወጡታል። ልማዱ የግድግዳው ውፍረት የስፋቱ አንድ አሥረኛ ይሁን ይላል፤ 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ላለው ሳህን 3 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። ከዚያ ዳር ዳሩን ሰም ይቀቡታል ወይም ከራሱ ፍቅፋቂ ጋር ወረቀት ከረጢት ውስጥ ይከቱታል፣ ቀስ ብሎ እንዲደርቅ። ወራት ይጠብቃሉ። መድረሱን የሚያውቁት በሚዛን ነው፣ በየጊዜው ይመዝኑታል፣ ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ደርቋል። ያኔ ጠሞ፣ ተጣሞ ነው የሚገኘው፤ ለዚያ ነው ውፍረቱ የተተወለት። እንደገና ማሽኑ ላይ ወጥቶ ትክክለኛ ክቡን ያገኛል። ሆን ብለው ስስ አድርገው ቀርጸው እንዳሻው እንዲጣመም የሚተዉትም አሉ። እኔ በበኩሌ እነዚያን አብልጬ እወዳለሁ፤ ግን ክዳን አይገጥምላቸውም።

እዚህ ላይ ነው ያገለገለ እንጨት ነገር የሚመጣው። ከፈረሰ ቤት የወጣ የበር መቃን፣ ወጋግራ፣ የድሮ አልጋ፣ ሃምሳ ዓመት ጣሪያ ሥር የቆየ እንጨት ውኃውን ከጨረሰ ቆይቷል። መጣመሙን ተጣሟል፣ መሰንጠቁን ተሰንጥቋል። ከአየሩ እርጥበት ጋር ትንሽ ማበጡና መክሳቱ መቼም አይቀርም፤ ትልቁ ድንጋጤ ግን አልፏል። ወራት መጠበቅ ቀረ ማለት ነው።

በእኛ አገር ደግሞ ሌላም ምክንያት አለ። ዋንዛ፣ ኮሶ፣ ዝግባና የሐበሻ ጽድ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ የከለከላቸው ዛፎች ናቸው። በድሮ ቤቶች ውስጥ ግን እነሱ ተሠርተው ቆመዋል። ቤቱ ሲፈርስ እንጨቱ ብዙ ጊዜ ማገዶ ይሆናል። ለቶርኖ ሠራተኛ የድሮ ዋንዛ እንደዚያ ሲነድ ማየት... ብቻ ይለፈኝ።

ያገለገለ እንጨት የራሱ መዘዝ አለው። የመጀመሪያው ሚስማር ነው። በደቂቃ ብዙ መቶ ጊዜ በሚዞር እንጨት ውስጥ የተደበቀ ሚስማር የመሮን ስለት በአንድ ምት ያጠፋል፣ ከባሰም ብረቱ ይፈናጠራል። ስለዚህ አስቀድሞ በማግኔት ወይም በብረት መፈለጊያ መሣሪያ መዳሰስ ግድ ነው። ሚስማሩ ወጥቶም ዙሪያው ጥቁር ጠባሳ ይቀራል፤ ዝገቱ እንጨቱ ውስጥ ካለው ቆዳ ማልፊያ ንጥረ ነገር ጋር ተዋህዶ ነው የሚጠቁረው። አንዳንዱ ይህን እንደ እድፍ ቆጥሮ ይቆርጠዋል። እኔ ግን ጌጥ ነው እላለሁ፣ የእንጨቱ የልደት ካርድ በሉት። ሁለተኛው ቀለም ነው፤ የድሮ ቀለም እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ስለሚችል አቧራው አይተነፈስም። የመብራት ምሰሶ ደግሞ ጭራሽ አትንኩ። ምስጥ እንዳይበላው በመርዝ የተነከረ እንጨት ነው።

አቧራ ካነሳን አይቀር፣ የእንጨት አቧራ በዓለም የጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ተቋም በሰው ላይ ካንሰር ያመጣሉ ብሎ ከመዘገባቸው ነገሮች አንዱ ነው። አፍንጫ መሸፈኛ ለታይታ አይደለም። ፍጥነቱም እንደዚያው። ትንሽ እንጨት ቶሎ ይዞራል፣ ትልቅ እንጨት ቀስ ይላል፤ 30 ሳንቲ ሜትር ለሚሰፋ ሳህን በደቂቃ ከ500 እስከ 750 ዙር ይበቃል። ከዚያ በላይ አድርጎ ስንጥቅ ያለበት እንጨት ያሰረ ሰው ፊቱ ላይ መከለያ ባይኖር ምን ሊደርስበት እንደሚችል አስቡት።

ሳንቃው ቀጭን ከሆነስ? በኮላ ይደራረባል። ቀዩን ከነጩ፣ ጥቁሩን ከቢጫው አጣብቀው ሲቀርጹት ዕቃው ላይ እንደ ጥለት ያለ መስመር ይወጣል። ስንጥቁንና የሚስማሩን ቀዳዳ የሚሞሉበትም መንገድ ብዙ ነው፤ የድንጋይ ብናኝ፣ የተፈጨ ቅርፊት፣ የደረቀ የቡና አተላ ከሙጫ ጋር። የቡናው ቀለም ከዋንዛ ጋር ሲገጥም ያምራል። ጠርዙ ላይ ቀንድ የሚገጥሙም አሉ። እንዲህ የተሞላና የተጣበቀ ዕቃ ግን ለማየት ነው፤ ወጥ አይጨለፍበትም፣ ውኃ አይቀመጥበትም። ደረቅ አበባ ይበቃዋል።

መጨረሻ ላይ ብርጭቆ ወረቀት፣ ከዚያ የተልባ ዘይት፣ ከላዩ ሰም። ዘይቱን የጠረጋችሁበትን ጨርቅ ግን ጨብጣችሁ ጥግ አትጣሉት። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ይሞቃል፣ የተጨበጠ ጨርቅ ውስጥ ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ ማንም ክብሪት ሳይጭር ይነዳል። ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት።

እንዲህ ያለ ዕቃ ለመግዛት ያሰበ ሰው ከፊቱ ይልቅ ገልብጦ ቂጡን ይይ። ጥሩ ሠራተኛ ማሽኑ የያዘበትን ምልክት አጥፍቶ ሥሩንም እንደ ላዩ አለስልሶ ነው የሚለቀው። ከዚያ ጣቱን ከጠርዙ ወደ ውስጥ ያንሸራት። ጣቱ ሳይደናቀፍ መሃል ከደረሰ ዋጋውን ይጠይቅ።