ሞዴልነት በወሎ፦ ሥራው፣ ክፍያውና ውሉ

ወሎ በቁንጅናው ሲዘፈንለት የኖረ አገር ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ ሲባል ዓይኗ፣ ጥርሷ፣ አንገቷ ሳይነሳ አያልፍም። ይህን ሁሉ ውዳሴ ወደ እንጀራ መቀየር ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ደሴ ተቀምጦ በሞዴልነት ብቻ የቤት ኪራይ መክፈል ከባድ ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሞዴል የሚከፈለው ስላማረ ሳይሆን ዕቃ ስላሸጠ ነው። የሚከፍሉት ደግሞ ዲዛይነሮች፣ የማስታወቂያ ድርጅቶችና ትልልቅ ነጋዴዎች ናቸው። አብዛኞቹ አዲስ አበባ ነው ያሉት። ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ለአንድ ካስቲንግ፣ ማለትም ለሞዴል መምረጫ፣ የሚሄድ ልጅ የአውቶቡስና የማደሪያ ብር ከኪሱ ያወጣል። ሳይመረጥ ሊመለስም ይችላል።

ሥራው ብዙ ዓይነት ነው። ራንዌይ ላይ፣ ማለትም በፋሽን ትርኢት መድረክ ላይ፣ ለመሄድ ቁመት ይጠየቃል። በውጭው ዓለም ለሴት 1.75 ሜትር፣ ለወንድ 1.85 ሜትር አካባቢ የተለመደ ነው። ለማስታወቂያ ግን ቁመት ያን ያህል አያሳስብም፤ ጥርስ፣ ፀጉር፣ እጅ፣ ፈገግታ ይበቃል። ሳሙና ለማስተዋወቅ ማን ረጅም ሰው ይፈልጋል? በባዛርና በምርቃት ላይ እንግዳ የሚቀበሉና ምርት የሚያስተዋውቁም አሉ። በክፍለ ሀገር ከተሞች ብዙዎች የሚጀምሩት ከዚህ ነው። የቢራና የሌሎች አልኮል መጠጦች ማስታወቂያ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲታገድ፣ ደህና ይከፍል የነበረ አንድ በር ተዘግቷል።

ደሴ ላይ ዋናው ሥራ ያለው ቡቲክ ውስጥ ነው። አዲስ ልብስ ሲገባ ባለቤቱ ለቴሌግራምና ለቲክቶክ የሚሆን ፎቶና ቪዲዮ ይፈልጋል። ሲሠራ ላየው አስቂኝ ነገር አለው። ቀሚሱ ለልጅቷ ሰፊ ነው፤ ስለዚህ ከጀርባዋ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። ከፊት ልክ በልኳ የተሰፋ ይመስላል። ከኋላ ሲያዩት ግን ጉድ ነው። ጫማው ከእግሯ ስለሚበልጥ ጫፉ ላይ ሶፍት ተጠቅጥቋል። መጋረጃ ጀርባ ትቀይራለች፣ ትወጣለች፣ አገጯን ዝቅ፣ ትከሻዋን ላላ፣ ደግሞ ትገባለች። ከአሥረኛው ልብስ በኋላም ፊቷ እንደ መጀመሪያው መሆን አለበት። ሙያው እዚህ ላይ ነው። ሒሳብ ሲመጣ «አንዱን ቀሚስ ውሰጂው» ይባላል። ቀሚስ ደግሞ የታክሲ ሒሳብ አይከፍልም።

ከፎቶ አንሺና ከሜካፕ ባለሙያ ጋር በነፃ መሥራትም አለ። ማንም ለማንም አይከፍልም፤ ሁሉም ፎቶውን ይወስዳል። ለጀማሪ ፖርትፎሊዮ፣ ማለትም ለአሠሪ የሚያሳየውን የፎቶ ስብስብ፣ ለመሥራት ጥሩ ነው። ሐይቅ ዳር ሄዶ ቬሎ ለብሶ መነሳት የዚህ ዓይነት ነው። ቬሎው የሚከራይ ከሆነና ፎቶው ለማከራያው ማስታወቂያ ከዋለ ግን ነገሩ ንግድ ሆኗል፤ ክፍያ መጠየቅ ነውር የለውም።

ሥራው ወቅት አለው። ከእንቁጣጣሽ፣ ከጥምቀትና ከፋሲካ በፊት የሀበሻ ቀሚስ ይቀረጻል። ረመዳን ሲጋመስ ደግሞ የኢድ አባያና ሂጃብ። ወሎ ላይ ሁለቱም ገበያ እኩል ሞቅ ይላል፤ ባንድ ቤት ክርስቲያንም ሙስሊምም ያለበት አገር ነውና። ሂጃብ የምትለብስ ልጅ ፀጉሯን ሳትገልጥ የምትሠራበት በቂ ሥራ አለ። የማትለብሰውን ነገር ቀድማ መናገር ነው ያለባት። ቀረጻ መሃል ላይ የሚነሳ ክርክር ሁሌም ባለካሜራው እንደሚፈልገው ያልቃል።

ኮምቦልቻ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋ የታወቀች ናት። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክም አለ። ልብስ ባለበት ሞዴል ይፈለጋል ብሎ ማሰብ ያስኬዳል። ነገር ግን ለውጭ ገበያ የሚሰፋ ልብስ ካታሎግ ብዙውን ጊዜ የሚነሳው ገዢው አገር ነው። እዚህ ተሰፍቶ እዚያ ይለበሳል።

ብዙ ጀማሪዎች ስሟን የሚያነሱት ዓለም አቀፍ ሞዴል ሊያ ከበደ የአዲስ አበባ ልጅ ናት። እ.ኤ.አ. በ2003 ኤስቲ ላውደር የተባለው የአሜሪካ የመዋቢያ ድርጅት የመጀመሪያዋ ጥቁር ሞዴል ሆነች። እኔን የሚገርመኝ ግን ቀጥሎ ያደረገችው ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ለምለም የሚባል የልብስ ድርጅት አቋቁማ የኢትዮጵያን የእጅ ሽመና ለዓለም ገበያ አቀረበች። የሞዴል ዕድሜ አጭር መሆኑን የገባው ሰው ሥራ ነው።

ስለ ደላላ ሳይነገር አይታለፍም። ደህና ኤጀንሲ ሥራ አምጥቶ፣ ከሚገኘው ክፍያ ድርሻውን ይቆርጣል። ገና ሥራ ሳይኖር «ለመመዝገቢያ ይህን ያህል ክፈይ» የሚል የሚነግደው በተስፋ ነው። «ዱባይ ሞዴል እናደርግሻለን» የሚለው ደግሞ የባሰ ነው። ወሎ ልጆቿን ወደ አረብ አገር ስትሸኝ የኖረች ናትና ይህ ወጥመድ እዚህ ቶሎ ይይዛል። ካስቲንግ በሆቴል መኝታ ክፍል አይደረግም። መጀመሪያ ቀን እህት ወይም አክስት ይዞ መሄድም አያሳፍርም።

ከቁመትም ከመልክም በላይ ሰው የሚዘነጋው ውሉን ነው። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰው ፎቶ ያለፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። ለዝነኛ ሰው ወይም በአደባባይ ለተደረገ ዝግጅት የተለዩ ሁኔታዎች አሉት። ለቡቲክ ቴሌግራም ተብሎ የተነሳ ፎቶ ዓመት ቆይቶ የቅባት ማሸጊያ ላይ እንዳይወጣ፣ ፈቃዱ የትና ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ በጽሑፍ መቀመጥ አለበት። አንድ ገጽ ይበቃል። ወሎ ደግሞ ይህን በሌላ መንገድ ታውቀዋለች። በ1966ቱና በ1977ቱ ረሃብ የሕዝቧ ፊት ዓለምን ዞሯል፤ ፈቃድ የጠየቀ ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ።

ዕድሜም አለ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠር ክልክል ነው። ከ15 እስከ 18 ያለው በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም፤ ሌሊትም አይሠራም። ሞዴል ግን አብዛኛውን ጊዜ በቅጥር ሳይሆን በቀን ውል ስለሚሠራ ይህን ጥበቃ የሚያስታውስለት የለም። ስለዚህ ለአካለ መጠን ያልደረሰች ልጅ ስትቀረጽ ወላጅ ውሉን አንብቦ ይፈርም፤ ቀረጻው ቦታም ይገኝ።