ፍልፈል የትኛው ነው?

በጎጃሙ የጮቄ ተራራ ግርጌ ድንች የሚተክል ገበሬ «ፍልፈል» ሲል የሚያወራው በሳይንስ ዝግጅቶች ላይ ስለሚታየው ፀጉር አልባ ፍልፈል አይደለም። የጋራቸው ስሙ ብቻ ነው።

የጎጃሙ ፀጉራም ነው። ብርቱካንማ የፊት ጥርሶቹ አፉን ገጥሞም ከውጭ ይታያሉ፤ የሚቆፍረውም በእነሱ ነው። ብቻውን ይኖራል። ዓይኑ ትንሽ ነው እንጂ ዕውር አይደለም። ፀጉር አልባው የምሥራቅ ኢትዮጵያ፣ የሶማሊያና የኬንያ ደረቅ ቆላ ነዋሪ ነው፤ 35 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ በአንዲት ንግሥት ሥር በአማካይ ከ70 እስከ 80 ሆኖ ይኖራል፣ ዕድሜውም ከ30 ዓመት ሊያልፍ ይችላል። ጎጃም ውስጥ አይፈለግ! (ቀይ ቀበሮ የሚያድነው የባሌው ግዙፍ ፍልፈል ግን የጎጃሙ የቅርብ ዘመድ ነው።)

ማሳ ላይ የሚያሳስተው ደግሞ አይጥ ነው። አፉ ክፍት የሆነ ቀዳዳ ካዩ የአይጥ ነው ይበሉ፤ ፍልፈል መውጫውን ደፍኖ የአፈር ቁልል ብቻ ይተዋል። ምግቡም ሥርና ድንች ስለሆነ በመርዝ የተለወሰ እህል ላዩ ላይ ቢበተን ለዶሮና ለወፍ መቅሰፍት ነው እንጂ እሱን አያገኘውም።

የሚያዋጣው ወጥመድ ነው። አፈሩ ገና እርጥብ የሆነ ቁልል ይምረጡ፤ የደረቀው የተተወ ሊሆን ይችላል። መተላለፊያውን ከፍተው እዚያው ያጥምዱ፤ ነፋስና ብርሃን ሲገባበት ሊደፍን ይመጣል። ከተያዘ በኋላ አዲስ ቁልል ከታየ ሌላ ገብቶበታልና እንደገና ያጥምዱ።