ስለ መንደር ቱሪዝም ማኅበራት የምንሳሳተው

ጎንደር ላይ የቱሪዝም ወሬ ፋሲል ግቢ ይጀምርና ጥምቀት ላይ ያልቃል። ወጣ ሲሉ ግን ወለቃ ላይ ሸክላ የሚሠሩ ሴቶች አሉ፤ የስሜን ተራሮች ፓርክ መግቢያ በሆነችው ደባርቅ ደግሞ አስጎብኚው፣ ስካውቱ (መሣሪያ ይዞ እንግዳውን የሚያጅበው)፣ ምግብ አብሳዩና በቅሎ አከራዩ በማኅበር ሆነው ሥራ የሚጠብቁት በተራ ነው። ስለ ማኅበራቱ የምንሰጠው ፍርድ ግን ብዙ ጊዜ ይስታል።

«ብዙ ቱሪስት ካለ ማኅበሩ ጎበዝ ነው።»
ስሜን ተራሮች እ.ኤ.አ. በ1978 ዩኔስኮ የመዘገበው ቦታ ነው። ዋልያና ጭላዳ ሊያይ የመጣ ሰው ሊቀመንበሩን ከየት ያውቀዋል? መጠየቅ ያለበት ከከፈለው ስንቱ መንደር ቀረ የሚለው ነው። ድንኳኑም፣ ምግቡም፣ መኪናውም ከከተማ ተጭኖ ከመጣ ለመንደሩ የበቅሎ ኪራይና የስካውት ክፍያ ብትተርፍ ነው።

«ተራ ካለ ፍትሕ አለ።»
እዚህች ላይ ትንሽ ልቆይ። ተራ ጥሩ ነው፣ ግን ደብተሩ ማን እጅ ነው? አንዱ በክረምት የአንድ ቀን ሥራ ደረሰው፣ ሌላው በጥቅምት የስድስት ቀን ጉዞ ወጣ፤ ደብተሩ ላይ ሁለቱም አንድ አንድ ጊዜ ወጥተዋል፣ ኪሳቸው ግን አይገናኝም። ስለዚህ የሥራ ቀን ቁጠሩ። ደግሞ ከበቅሎ ተራ የሚገባው በቅሎ ያለው ነው። የሌለውስ? እንጀራ የምትጋግረውስ አባል ናት ወይስ ቀን ሠራተኛ?

«አባላቱ ማለት መንደሩ ማለት ነው።»
አይደለም። ፓርኩ ከ1996 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ አደጋ ላይ ያሉ ቅርሶችን በሚይዝበት መዝገብ ላይ ነበር፤ አንዱ ችግር የከብት ግጦሽ ነው። ለጥበቃው ሲባል የግጭ መንደር ሰዎች ከፓርኩ ወጥተው ደባርቅ ሰፍረዋል። ግጦሹን የተወው ገበሬ ከገቢው ካልደረሰው፣ ማኅበሩ ለአባላቱ ቢመችም ለመንደሩ ሠርቷል አልልም።

«ሒሳብ ምርመራ የመንግሥት ሥራ ነው።»
ኦዲተሩ ይምጣ፣ ጥሩ። ግን በኅብረት ሥራ ማኅበር አንድ አባል አንድ ድምፅ አለው። እድር ላይ ትንሽ ብር ጎደለ ተብሎ እስከ ማታ የሚጨቃጨቅ ሰው፣ እዚህ ሲሆን ደረሰኝ መጠየቅ ያፍራል! ምን እንደሚያሳፍረው አይገባኝም።

«እንግዳ ሲጠፋ ማኅበሩ ምን ያድርግ?»
ኮሮና መጣ፣ ጦርነት ተከተለ፣ መንገዱም ጭር አለ። እንግዳውን መመለስ የማኅበሩ አቅም አይደለም። በደህናው ዘመን ከየጉዞው ለመጠባበቂያ ምን ያህል እንደተቀመጠ፣ በክፉው ቀንም ለማን ብድር እንደተሰጠ ግን መዝገቡ ይናገራል። መዝገብ ካለ።